የበርበራ በግ እና የኤይል ዓሣ

ድሬዳዋ ውስጥ ቱና የማይሸጥ ሱቅ ካገኛችሁ ንገሩኝ። ከዚራ ሂዱ፣ መጋላ ሂዱ፣ ሳቢያን ሂዱ፤ ከፓስታውና ከቲማቲም ድልሁ ጎን ተደርድሮ ታገኙታላችሁ። በጾም ፓስታ በቱና ነው። ለተማሪ ምሳ ዕቃ ዳቦ በቱና ነው። ጣሳውን አዙራችሁ የተመረተበትን አገር ብታነቡ ብዙ ጊዜ የሚያጋጥማችሁ ታይላንድ ነው።

ይሄ ነገር አንድ ቀን ጭንቅላቴ ውስጥ ገባና አልወጣም አለኝ። ለእኛ ከአዲስ አበባ ይልቅ ጅቡቲ ትቀርበናለች። በጂግጂጋና በቶጎ ጫሌ ከወጣን በርበራም ያን ያህል ሩቅ አይደለችም። ከዚያ ወዲያ የሶማሊያ ባህር ዳርቻ ከ3,000 ኪሎ ሜትር በላይ ተዘርግቷል። ደሴቶቹን ካልቆጠርን በአፍሪካ እሱን የሚያህል የባህር ዳርቻ ያለው አገር የለም። ቱናውም በዚያ በኩል ያልፋል። ታዲያ ጣሳው ለምን ከሶማሊያዋ ወደብ ከቦሳሶ አይመጣልንም?

እዚህ ከተማ ስለ ባህር ሲወራ የሚወራው ስለ ወደብ ነው። በርጫ ላይ ተቀመጡ፣ ሻይ ቤት ተቀመጡ፣ ወሬው ኮንቴይነር፣ የወደብ ኪራይ፣ የባህር በር ነው። ዓሣ የሚያነሳ ሰው አጋጥሞኝ አያውቅም። እኔ ግን ያገኘሁትን ሁሉ ሳነብ፣ የሚያውቁ ሽማግሌዎችንም ስጠይቅ ከርሜያለሁ። እስካሁን የገባኝ ነገር ይሄ ነው፤ የሶማሊያ የዓሣ ኢንዱስትሪ የወደቀው ባህር ላይ አይደለም። የብስ ላይ ነው።

(ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው። በእኛ ስቆጥር ዓ.ም. እላለሁ።)

ከባህሩ ልጀምር፤ ባህሩ ምንም አይወጣለትም። እኛ ክረምት በምንለው ወቅት፣ ከሰኔ እስከ መስከረም ገደማ፣ ከደቡብ ምዕራብ የሚነሳው ኃይለኛ ነፋስ የሶማሊያን ዳርቻ ይዞ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ይነፍሳል። የላዩን ሞቃት ውሃ ከዳርቻው ገፍቶ ያርቀዋል። በቦታው ከጥልቁ ቀዝቃዛ ውሃ ይወጣል። ይህ ቀዝቃዛ ውሃ ለጥቃቅን የባህር ዕፅዋት ምግብ የሚሆን ማዕድን የጫነ ነው። ዕፅዋቱ ይፈላሉ፣ ትናንሽ ዓሦች ይከተላሉ፣ ትላልቆቹ ደግሞ እነሱን ተከትለው ይመጣሉ።

ጣጣው ያው ነፋስ ባህሩን ለትንሽ ጀልባ መዝጋቱ ነው። ዳርቻው ላይ ያለው አጥማጅ በእነዚያ ወራት ጀልባውን አሸዋ ላይ ጎትቶ መረቡን ይጠግናል። ድግሱ ሲደገስ ባለቤቱ ደጅ ነው ማለት ነው። ርቆ መቆየት የሚችለው ትልቅ የብረት መርከብ ነው፤ መርከቡ ደግሞ የሌላ አገር ነው።

ሁለተኛው ነገር ሰዉ ነው። በ1855 መጀመሪያ ሐረር የገባው እንግሊዛዊ ሪቻርድ በርተን በመንገዱ ካገኛቸው ሶማሌ አርብቶ አደሮች አንድ የታወቀ ስድብ ሰምቶ ጽፏል፦ ዓሣ በሚበላ አፍህ አታናግረኝ። እንግዲህ እዚህ አገር ላይ ነው ዓሣ አጥምዳችሁ በልጽጉ የተባለው። ግመል፣ በግና ፍየል ክብር ናቸው። ዓሣ ግን ከብት ያጣ ሰው ሥራ ነው፣ የዳርቻ ሰው ሥራ ነው። እኛም ብንሆን ብዙ አንለይም። የሐረርጌ ሰው በዓል ሲመጣ ስለ በሬው ሻኛ ሲያወራ ነው የማውቀው።

ጣሊያኖቹ በ1930ዎቹ በሰሜኑ ጫፍ ቃንዳላና ሀቦ ላይ የቱና ፋብሪካ ነበራቸው። ዓሣውን አሽገው የሚወስዱት ወደ አገራቸው ነበር። የአካባቢው ሰው ያጠምዳል፣ ይሸከማል፣ ምንዳውን ይቀበላል። ጣሳውን ማን እንደሚከፍተው ግን አያውቅም። እዚህ ላይ ብዙ አልቆይም፤ ዋናው ጉዳይ ከዚያ በኋላ ነው የመጣው።

በ1974 እና 1975 ሶማሌዎቹ ዳባዴር የሚሉት ድርቅ ገባ። በሰሜኑና በመሃሉ ከብቱ አለቀ። በመቶ ሺህ የሚቆጠር ሰው መጠለያ ጣቢያ ገባ። የዚያድ ባሬ መንግሥት ያኔ የሶቪየት ወዳጅ ነበር፤ ሶቪየቶቹም አውሮፕላንና ካሚዮን ሰጡት። ብዙው ሰው ወደ ደቡብ ተጓጉዞ እርሻ ላይ ሰፈረ። ወደ 15 ሺህ የሚጠጋው ግን ብራቫ፣ አዳሌና ኤይል በተባሉ የባህር ዳር መንደሮች ላይ ወርዶ ከዛሬ ጀምሮ ዓሣ አጥማጅ ነህ ተባለ።

እስቲ አስቡት። በወር ውስጥ ከግመል ወደ ጀልባ። አብዛኛው ሰው ዋና አይችልም። ዓሣ በልቶም አያውቅም።

ሰፈራችን የኖሩ አንድ አዴር (በሶማሊኛ አጎት ማለት ነው) አሉ፤ አገራቸው ቡርኦ አካባቢ ነው። ታላቅ ወንድማቸው ከነዚያ ሰፋሪዎች አንዱ ነበር፤ የወረደው ብራቫ ነው። "ወንድሜ የመጀመሪያ ቀን ባህር ገብቶ ሲመለስ አንድ ነገር ብቻ ነው ያለው" አሉኝ። "ግመል ስትጠፋብህ ዱካዋን ትከተላለህ። ዓሣ ምን ዱካ አለው?"

"ታዲያ ተወው?" አልኳቸው።

"የለም! ለመደው እኮ። በላውም። ጎበዝ ሆኖ ነበር። የተወው ጀልባው ሲቆም ነው።"

ጀልባው ሲቆም! ይህችን መልስ ወደድኳት። የተለመደው ትረካ ዘላን ዓሣ ስለማይወድ ዕቅዱ ከሸፈ የሚል ነው። ለጸሐፊ ምቹ ነው፣ ጥፋቱን ባህል ላይ ጥሎ መሄድ ነው። ግን ሰዉ ተምሯል። መንግሥት ባለሞተር ጀልባዎች አስገብቶ ለአጥማጆቹ ማኅበራት አከፋፍሏል። ሞተሩ ሲበላሽ ግን መለዋወጫ የለም፤ መለዋወጫው ሲገኝ ሜካኒክ የለም፤ ሁለቱም ሲኖሩ ነዳጅ የለም። የተጠመደውን ዓሣ መንግሥት በወሰነው ዋጋ የሚረከበው ማኅበሩ ነው፤ ማኅበሩ ደግሞ በቂ በረዶ የለውም። ያልተሸጠ ዓሣ በዚያ ሙቀት ስንት ሰዓት ይቆያል? የድሬዳዋ ሰው ይህን ጥያቄ መመለስ አያቅተውም። ቀስ በቀስ ወንዶቹ ወደ ከብታቸው ተመለሱ ወይም ወደ ዓረብ አገር ሄዱ። የአዴር ወንድምም ሳዑዲ ገባ። ሚስቱና ልጆቹ ብራቫ ቀርተው እሱ በሚልከው ገንዘብ ኖሩ።

ሩቅ ባህር ላይ ደግሞ ሌላ ጨዋታ ነበር። ሶማልፊሽ የሚባል ከሶቪየት ጋር የተቋቋመ የሽርክና ኩባንያ ትላልቅ መርከቦች አሰማርቶ ነበር። የዚህ ኩባንያ ሥራ እንዴት እንደተቋረጠ ለድሬዳዋና ለሐረር ሰው መንገር አያስፈልግም፤ በጆሮው ሰምቶታል። ነሐሴ 1969 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር ድሬዳዋን ለመያዝ ሲሞክር፣ ሲሚንቶ ፋብሪካው አካባቢ ታንክ ሲርመሰመስ፣ ቀጥሎም ሐረር በመድፍ ስትደበደብ፣ ሶቪየቶቹ ወገን መረጡ፤ የመረጡት አዲስ አበባን ነበር። ዚያድ ባሬ በኅዳር 1970 ዓ.ም. አማካሪዎቻቸውን በሙሉ ከአገር አባረረ። አማካሪዎቹ ሲወጡ መርከቦቹም አብረው ሄዱ። በቃ፣ አለቀ። እዚህ ዱላው ላይ የነበርነው እኛ፣ በዚያው ዱላ የሶማሊያ የዓሣ ኢንዱስትሪም እግሩ መሰበሩን ስንቶቻችን እናውቃለን?

ቀጥሎ ጣሊያኖች መጡ፤ በእርዳታ ስም ዘመናዊ መርከቦች ሰጡ። መርከቦቹ ይሠሩ ነበር፤ ዓሣውም ወደ ጣሊያን ይሄድ ነበር። ጥር 1991 ላይ መንግሥት ፈረሰ። ማዕድ ቤቱ ፈርሶ ድስቱ መፍላቱን ቀጠለ እንደሚባለው ሆነ፤ ባለቤት የሌለው አገር መርከቦች ማጥመዳቸውንና መሸጣቸውን ቀጠሉ። የጣሊያን ቴሌቪዥን ጋዜጠኛዋ ኢላሪያ አልፒ በመጋቢት 1994 ቦሳሶ ሄዳ ስለነዚሁ መርከቦች ስትጠይቅ ነበር። ሞቃዲሾ ተመልሳ መጋቢት 20 ቀን ከካሜራ ባለሙያዋ ሚራን ህሮቫቲን ጋር መንገድ ላይ ተገደለች። ለምን ተገደለች የሚለው እስከ ዛሬ ጣሊያን ውስጥ ያከራክራል።

ከዚያ በኋላ ያለውን ብዙዎቻችን እናውቃለን ብለን እናስባለን። የውጭ መርከቦች ጠባቂ የሌለውን ባህር ወረሩት። አንዳንዱ ከጦር አበጋዝ "ፈቃድ" ይገዛል፣ አንዳንዱ ዝም ብሎ ይገባል። ዳርቻው ድረስ መጥተው የድሃውን መረብ ይበጥሳሉ። ታኅሣሥ 2004 ሱናሚው ሲመጣ ደግሞ ሶማሊያ ውስጥ ወደ 300 ሰው ሞተ፤ ሐፉን በምትባለው የባህር ዳር መንደር የነበረው ጀልባና መረብ ተጠርጎ ሄደ። ቀጥሎ የባህር ላይ ወንበዴው መጣ። በ2011 ብቻ ከ200 በላይ ጥቃት ተቆጥሯል። ከወንበዴዎቹ ዋና መናኸሪያዎች አንዷ ማን ነበረች? ኤይል። ያቺ በ1975 አርብቶ አደሮች ዓሣ አጥማጅ ይሁኑ ተብለው የሰፈሩባት ኤይል።

"አጥማጁ ተገፍቶ ወንበዴ ሆነ" የሚለውን ታሪክ ግን ሙሉ በሙሉ አልገዛውም። ሲጀመር እውነት ነበረው፤ የራሳቸውን ባህር እንጠብቅ ያሉ ነበሩ። ገንዘቡ ሲታይ ግን ዓሣ አይቶ የማያውቅ ሁሉ ጀልባ ላይ ወጣ። ነዳጅ ጫኝ መርከብ ጠልፎ ሚሊዮን ዶላር የሚቀበል ሰው ስለ ተበጠሰ መረብ የሚያወራው ለጋዜጠኛ ነው።

አሁን ወደ የብሱ ልመለስ። ሲሼልስን ተመልከቱ። ሕዝቧ 100 ሺህ ገደማ ነው፤ ድሬዳዋ ብዙ እጥፍ ትበልጣታለች። በ1980ዎቹ መጀመሪያ የስፔንና የፈረንሳይ ቱና አጥማጅ መርከቦች ከአትላንቲክ ወደ ምዕራብ ህንድ ውቅያኖስ ሲዞሩ፣ ሲሼልስ የራሷን መርከብ ለመሥራት አልሮጠችም። ዋና ከተማዋ ቪክቶሪያ ላይ ወደብ ሰጠቻቸው። ነዳጅ፣ ውሃ፣ መብራት፣ ዓሣ የሚያራግፍ ሠራተኛ፣ ከሁሉ በላይ ሰላም። በ1987 ፋብሪካ ተከፈተ፤ ዛሬ ከዓለም ትላልቅ የቱና ማሸጊያዎች አንዱ ነው። ከሶማሊያ ፊት ለፊት የሚጠመደው ዓሣ ጭምር እዚያ ይራገፋል። የፋብሪካው ዋና ባለድርሻ ደግሞ ከ2010 ጀምሮ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? የታይላንድ ኩባንያ ነው። አቦ፣ ታይላንድን ማምለጥ አይቻልም።

ሲሼልስን ለማሞገስ አይደለም ይህን ያነሳሁት። ትርፉ ውጭ ይሄዳል የሚል ቅሬታ እዚያም አለ። ግን ቅደም ተከተሉን እዩት። ሞቃዲሾ ጀልባ ሰጥታ በረዶውን ረሳች። ቪክቶሪያ በረዶውንና ክሬኑን አስቀድማ ጀልባው ራሱ እስኪመጣ ጠበቀች።

በረዶ የምለውን ቀላል ነገር እንዳታደርጉት። በሞቃት አገር ለአንድ ኪሎ ዓሣ አንድ ኪሎ በረዶ ያስፈልጋል ይላሉ የሙያው ሰዎች። በረዶ ለመሥራት ንጹሕ ውሃና መብራት ያስፈልጋል። ቦሳሶ ላይ ሁለቱም ውድ ናቸው። ስለዚህ ለብዙ ዓመት የየመን ጀልባዎች ከአገራቸው በረዶ ጭነው ይመጣሉ፣ ባህር ላይ ከሶማሌው አጥማጅ ዓሣውን ይገዛሉ፣ ይዘው ይሄዳሉ። ዋጋውን የሚወስነው በረዶ የያዘው ሰው ነው። በበረዶ የማይቸገረው ደግሞ የደረቀ የሻርክ ክንፍ ነው፤ ለዚህ ነው ብዙ ዳርቻ ላይ ሻርኩ ተመናምኖ ሥጋው አሸዋ ላይ ሲጣል የኖረው።

ይህን ሁሉ ሳስብ በጣም የሚገርመኝ ግን በርበራ ነው። ከዚያው ዳርቻ፣ ሰፊ ዓለም አቀፍ እውቅና ከሌላት ሶማሌላንድ፣ ያለ ትልቅ ፋብሪካ፣ በየዓመቱ በሚሊዮን የሚቆጠር በግና ፍየል ወደ ሳዑዲ ይጫናል። ከሐጅ በፊት ባለው ጊዜ ወደቡ ላይ የበግ ጩኸት ነው የሚሰማው። ብዙው በግ የእኛው ነው፤ ከሶማሌ ክልል ገበያዎች ድንበር ተሻግሮ የሄደ። ይህን ንግድ በዕቅድ ያቋቋመው መንግሥት የለም። ደላላው አለ፣ ዱቤው አለ፣ ሀዋላው አለ፣ አይሱዙው አለ፣ በጎቹን የሚያውቅ እረኛ አለ። ሳዑዲ በ2000 በበሽታ ምክንያት ስትዘጋው እንኳ ንግዱ በጎን በኩል እየተንፏቀቀ ቆየ። በ2009 በርበራ ላይ የእንስሳት ማቆያ ሲሠራና እገዳው ሲነሳ እንደገና ተነሳ።

አንድ ዳርቻ፣ አንድ ሕዝብ፣ አንድ መንገድ። በጉ ሲሳካለት ዓሣው ለምን? በግ በእግሩ ይሄዳል፣ አይበሰብስም ትሉኛላችሁ። እውነት ነው። ግን ሌላም አለ። በጉን ከእረኛው እስከ መርከቡ ድረስ የሚያውቀውና የሚያምነው ሰው በየኬላው ነበረ፤ ማዶ ደግሞ ገዢው ቆሞ ይጠብቅ ነበር። ዓሣው ዳርቻው ላይ ወጣ፣ ከዚያ ወዲህ የሚቀበለው ሰው አልነበረም።

የመንግሥት መንገድ አሁን ወደ ፈቃድ ሽያጭ ዞሯል። ሶማሊያ በ2014 የ200 የባህር ማይል የኢኮኖሚ ቀጠናዋን አወጀች፤ ታኅሣሥ 2018 ለቻይና መርከቦች 31 የቱና ፈቃድ ሰጠች፣ ከዳርቻው 24 የባህር ማይል ርቀው እንዲያጠምዱ። ለካዝና ገንዘብ ነው። ባዶ ካዝና ላለው አገር ትንሽ ነገር አይደለም። ኤይል ላይ ግን አንድ ኪሎ በረዶ አይጨምርም።

የእኛን ነገር ላነሳ አልፈለግኩም ነበር፤ ነገሩ ፖለቲካ ይጎትታል። ግን ይቺን ብቻ። በ1950ዎቹ ምጽዋ ላይ በዓመት ከ20 ሺህ ቶን በላይ ዓሣ የወጣበት ጊዜ ነበር። አብዛኛው ትንንሽ ሰርዲን ነው፤ ፀሐይ ላይ ደርቆ፣ ተፈጭቶ፣ ለእንስሳት መኖ ወደ ውጭ ይሄዳል። ከዚያ ገበያው ቀዘቀዘ፣ በ1967 የስዊዝ ቦይ ተዘጋ፣ ጦርነቱም ተባባሰ፣ ሥራው ከሰመ። ያን ጊዜ የመሃል አገር ሰው ሳህን ላይ የባህር ዓሣ ደርሶ ነበር? የሚያስታውስ ሽማግሌ ጠይቄ አላገኘሁም። የባህር በር በሚል ክርክር ውስጥ ይህን የሚያነሳ ቢገኝ ደስ ይለኛል።

ቅርብ ያለ ምሳሌ ልጨምር። የማውቀው አንድ የድሬዳዋ ነጋዴ ከጅቡቲ የቀዘቀዘ ዓሣ ለማምጣት ይሞክራል። ኪንግ ፊሽ፣ አንዳንዴም ቱና። ጅቡቲ ሄዳችሁ ለሁለት ተሰንጥቆ እንደ ዳቦ ምድጃ ውስጥ የሚጠበሰውን የየመኖች ዓሣ በልታችሁ ከሆነ ሰውየው ለምን እንደተነሳሳ ይገባችኋል። መንገዱና ጉምሩኩ ሊያማርረው ይችላል ብዬ ነበር። የሚያማርረው ግን ደንበኛው ነው። ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው "የሐይቅ ነው?" ብሎ ነው። የባህር ነው ሲለው "አይሸትም?" ይለዋል። ቆሮሶ የለመደ ሰው ነው፣ ምን ይደረግ።

ደንበኛ የሚገኘው በጾም ነው። ዓሣ በጾም ይበላል ወይስ አይበላም የሚለውን ለአባቶች ልተወው፤ ገበያው ግን መልሱን ሰጥቷል። ሑዳዴ ላይ ዓሣው ይሸጣል፤ ጅቡቲም ባህሩ ረጋ ያለበት ጊዜ ስለሆነ ዓሣ አይጠፋም። ፍልሰታ ላይ ግን ያ የነገርኳችሁ የክረምት ነፋስ አለ፣ ሙቀቱም ጅቡቲን እሳት አድርጓታል፤ አጥማጁ ይቀንሳል፣ ዋጋው ይሰቀላል። ፈላጊው ሲበዛ ዓሣው የለም። ሰውየው ታዲያ በግንቦት ርካሽ ሳለ ገዝቶ እስከ ነሐሴ የሚያቆይበት ሁለተኛ ትልቅ ፍሪዘር፣ መብራት ሲጠፋ ደግሞ የሚያስነሳው ጀነሬተር እየፈለገ ነው። አዲሱ አቅሙ አይደለም። ያገለገለ የምትሸጡ ካላችሁ ጻፉልኝ፣ አገናኛችኋለሁ።